ጉርምስናን የሚቀሰቅሰው ማን ነው?

ሃያና ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸው ጉርምስና ግን ፈጽሞ ያልመጣላቸው ሰዎች ነበሩ። ወንዶቹ ድምፃቸው አልጎረነነም፤ ጢምም አላበቀሉም። ሴቶቹ ጡታቸው አላጎጠጎጠም፤ የወር አበባም አላዩም። በሌላው ነገር ሁሉ ጤነኞች ነበሩ። ዘመድና ጎረቤት «መቼ ነው የምታገባው?» «ልጅስ?» እያለ ሲጠይቅ የሚመልሱት አልነበራቸውም። ሐኪሞቻቸውም መልስ አልነበራቸውም።

እንቆቅልሹ የቆየ ነው። በ1856 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስፔናዊው ሐኪም ማኤስትሬ ደ ሳን ሁዋን የአንድ ሰው አስከሬን ሲመረምሩ ምንም የማይዛመዱ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አብረው አገኙ። የሰውየው ብልት ሳያድግ ቀርቷል፤ በአንጎሉ ውስጥም ሽታን የሚቀበለው ክፍል የለም። በ1944 ደግሞ ፍራንዝ ካልማን የተባሉ ሐኪም ይኸው ነገር በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ በዘር እየወረደ እንደሚታይ አሜሪካ ውስጥ ጻፉ። ሕመሙ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አፍንጫንና መውለድን ምን አገናኛቸው? የዚህ መልስ ሌላ 45 ዓመት ፈጀ።

ጉርምስናን ስለሚያስነሳው ነገር የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከቄራ ነው። በሰው አንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ከእሱ የሚወጣ አንድ ሆርሞን ፒቱታሪ ለተባለችው ዕጢ ትእዛዝ ያደርሳል፤ ፒቱታሪም በተራዋ የወንድን የዘር ፍሬና የሴትን እንቁላል ማፍሪያ ታሠራለች። ይህን ሆርሞን ለመለየት ሁለት ሳይንቲስቶች ለዓመታት እልህ ተጋብተው ተፎካከሩ። ሮዤ ጊየማን የበግ፣ አንድሩ ሻሊ ደግሞ የአሳማ አንጎል ከየቄራው ያሰበስቡ ነበር። የሻሊ ቡድን ብቻ ከ100,000 በላይ የአሳማ ሃይፖታላመስ ጨምቋል። በ1971 የሆርሞኑ ምንነት ታወቀ፤ ከአሥር አሚኖ አሲዶች የተሠራች አጭር ሰንሰለት ነበረች። ጂኤንአርኤች የሚል መጠሪያ ወጣላት፤ ሁለቱም ተፎካካሪዎች በ1977 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ሆርሞኗ አሁን በላቦራቶሪ ልትሠራ ትችላለች። የጎደለውን መሙላት ቀላል መስሎ ታየ። ሆኖም ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም።

በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ኖቢልና ባልደረቦቻቸው ይህን በሬሰስ ጦጣዎች ላይ ሞከሩት። ጂኤንአርኤች የሚመነጭበትን የአንጎል ክፍል ከሥራ ውጭ አደረጉና ሆርሞኗን ከውጭ ያለማቋረጥ ሰጡ። ፒቱታሪ መሥራት ሲገባት ጸጥ አለች። ሆርሞኗ ትክክለኛዋ ናት፤ ዕጢዋም ጤነኛ ናት። ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱ የኖቢል ቡድን ቀደም ሲል ባየው ነገር ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። በ1970 ተመራማሪዎቹ የጦጣዎቹን ደም በየጥቂት ደቂቃው ሲቀዱ የፒቱታሪ ሆርሞን በእኩል መጠን እንደማይፈስ አስተውለው ነበር። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ይወርዳል፤ እንደገና ከፍ ይላል። ደም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀዳ ኖሮ ይህን ማንም አያየውም ነበር። ስለዚህ ሆርሞኗን ለጥቂት ደቂቃ ሰጥተው አቆሙ፤ ሰዓት ሲሞላ ደግመው ሰጡ። ፒቱታሪ ነቃች። ያለማቋረጥ ወደመስጠት ሲመለሱ ዳግመኛ ተኛች። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ ሲሰነብት ጎረቤቱን መቀስቀስ እንደሚያቅተው፣ ያለ ፋታ የሚደርሳትን ትእዛዝ ዕጢዋም መስማት ትተዋለች። በ1978 የታተመው ይህ ውጤት ቁም ነገሩ ከመጠኑ ይልቅ በአሰጣጡ ላይ እንደሆነ አሳየ። (ዕጢዋን ማስተኛት መቻሉም ራሱ ጥቅም አመጣ፤ ዛሬ የፕሮስቴት ካንሰርና ያለዕድሜ የሚመጣ ጉርምስና የሚታከሙት በዚሁ መንገድ ነው።)

ይህ ግን የጦጣ ውጤት ነበር። በሰው ላይ ለማረጋገጥ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ምርመራ ደግሞ ማን እሺ ይላል?

በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዊልያም ክራውሊ የተባሉ ወጣት ሐኪም ጉርምስና የቀረባቸውን ሰዎች ማሰባሰብ ጀመሩ። የሚጠይቁት ቀላል አልነበረም። ተሳታፊው ሆስፒታል ያድራል፤ ክንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል፤ ከዚያ በየአሥር ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ደም ይቀዳል። እንቅልፍ ቢወስደውም ነርሷ ትመጣለች፤ ቀኑም ሌሊቱም እንዲሁ ያልፋል። እዚያ የተኛው ሰው ደግሞ በዕድሜው ሁሉ ሲደብቀው የኖረውን ገላውን ለማያውቃቸው ሰዎች ማሳየት ነበረበት። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጀግንነት ያለው በዚያ አልጋ ላይ ነው።

ደሙ ሲመረመር ጤነኛ ሰው ላይ ከፍና ዝቅ የሚለው መስመር በብዙዎቹ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። ቀጣዩ እርምጃ የጠፋውን ምት መመለስ ነበር። ወገብ ላይ የምትታሰር፣ በተወሰነ ሰዓት ጥቂት ሆርሞን ከቆዳ ሥር የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ ተዘጋጀች። በ1980 ክራውሊና ጃኔት ማክአርተር የካልማን ሕመም ባለባት ሴት ላይ የወር አበባን ኡደት በዚህ ዘዴ ማስመሰል እንደቻሉ አሳተሙ። በ1982 ደግሞ ክራውሊና አንድሩ ሆፍማን የስድስት ወንዶችን ታሪክ ጻፉ። ስድስቱ ቀን በሥራ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ፓምፗን ሳይፈቱ ኖሩ፤ እሷም በየሁለት ሰዓቱ ትረጭ ነበር። ፒቱታሪያቸው ነቃች፤ ቴስቶስቴሮናቸው ወደ ጎልማሳ ወንድ መጠን አደገ፤ ለዓመታት የቀረው ጉርምስና ጀመረ። በዚህ ሕክምና ቆይተው ልጅ የወለዱ ብዙ ናቸው።

ሕክምናው ተገኘ። ምቱ ከመጀመሪያው ለምን ጠፋ የሚለው ግን አልተመለሰም።

ግማሹን መልስ ያመጣው የአፍንጫው እንቆቅልሽ ነው። በ1989 ኒውዮርክ ውስጥ ማርሊን ሽዋንዘል ፉኩዳና ዶናልድ ፋፍ የአይጥ ፅንስን ሲያጠኑ ጂኤንአርኤች የሚያመነጩት ሴሎች የሚወለዱት አንጎል ውስጥ እንዳልሆነ አዩ። የሚወለዱት አፍንጫ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሽታን ነርቭ መንገድ ተከትለው ወደ አንጎል ይጓዛሉ። በዚያው ዓመት የካልማን ሕመም የነበረበትን ሰብዓዊ ፅንስ መረመሩ። ሴሎቹ አንጎል አልደረሱም፤ መንገድ ላይ ቀርተው ተገኙ። ማኤስትሬ ደ ሳን ሁዋን ከ130 ዓመት በፊት ያዩት ነገር ትርጉም አገኘ። መንገዱ ሲበላሽ ሽታም ጉርምስናም አብረው ይቀራሉ።

ነገር ግን ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ደህና አድርገው ያሸቱ ነበር። የእነሱ ሴሎች ቦታቸው ደርሰዋል። ታዲያ ለምን ዝም አሉ?

የክራውሊ ባልደረባ ስቴፋኒ ሴሚናራና አብረዋት የሚሠሩት ይህን ጥያቄ የያዙት ከሳውዲ አረቢያ የመጣ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ሲያገኙ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ የአጎት ልጆች ተጋብተው ነበር። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ በብዙ አገር ግን የተለመደና የተከበረ ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት አያት ሲጋሩ፣ በሁለቱም ውስጥ ተደብቆ የኖረ አንድ ዓይነት የዘረመል ስህተት ልጃቸው ላይ የመገናኘት ዕድሉ ይሰፋል። በዚህ ቤተሰብ ስድስት ልጆች ጉርምስና ቀርቶባቸው ነበር፤ ደማቸውን ለምርምር ሰጡ።

ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ግልጹን ነው፤ ጂኤንአርኤችን የሚሠራው ጂን ተበላሽቶ ይሆን? ጤነኛ ነበር። ሆርሞኗን ፒቱታሪ ላይ የሚቀበለው ተቀባይስ? እሱም ጤነኛ ነበር። ሁለቱም ዋና ተጠርጣሪዎች ነፃ ወጡ። ከዚያ በኋላ የቀረው መላውን ዘረመል ማሰስ ነበር። የስድስቱን ዘረመል ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ታማሚዎቹ ሁሉ የሚጋሩትን ቦታ እያጠበቡ ክሮሞሶም 19 ላይ ደረሱ። እዚያ ያገኙት ጂን ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር።

ጂፒአር 54 ይባላል። በ1999 በአይጥ አንጎል ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚቀበል የማይታወቅ ተቀባይ ነበር። በ2001 መልእክተኛው ተለየ፤ ዛሬ ኪስፔፕቲን የምንለው ነው። እሱም ከ1996 ጀምሮ የታወቀው በካንሰር ተመራማሪዎች ዘንድ ነው። በፔንስልቬንያዋ ኸርሺ ከተማ ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር እንዳይዛመት የሚገታ ጂን አግኝተው ነበርና። ከጉርምስና ጋር ያገናኘው አልነበረም። በሳውዲው ቤተሰብ ታማሚ ልጆች ግን የዚህ ተቀባይ ጂን አንዲት ፊደሉ ተቀይራ ነበር።

በዚያው ወቅት ከፓሪስ የመጣ ዜና ጥርጣሬውን አስወገደው። የኒኮላ ደ ሩ ቡድን አምስት ወንድማማቾችና እህትማማቾች በታመሙበት ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ያንኑ ጂን ተበላሽቶ አገኘው። በእንግሊዟ ካምብሪጅ ደግሞ ይህ ጂን የጎደላቸው አይጦች ሳይጎለምሱ ቀሩ። የአይጦቹ አንጎል ሲታይ ጂኤንአርኤች በበቂ መጠን አለች፤ ውጪ የሚለው ትእዛዝ ግን አልደረሳትም። ሌላ የጂፒአር 54 ጉድለት ያለበት በጎ ፈቃደኛ ጂኤንአርኤች ከውጭ ሲሰጠው ሰውነቱ ወዲያው ምላሽ ሰጠ። ዕጢዋ ጤነኛ ነበረች ማለት ነው፤ የጠፋው ከላይ የሚመጣው ቀስቃሽ ነበር። የቦስተኑም የፓሪሱም ጽሑፍ በ2003 ታተሙ።

ከዚያ በኋላ ግኝቶቹ ተፋጠኑ። በ2005 ለንደን ውስጥ በዋልጂት ዲሎ መሪነት ጤነኛ ወንድ በጎ ፈቃደኞች ኪስፔፕቲን ሲሰጣቸው የመራቢያ ሆርሞኖቻቸው ጨመሩ። በ2014 ደግሞ ለመውለድ ሕክምና የመጡ 53 ሴቶች እንቁላላቸውን ለማብሰል ኪስፔፕቲንን ለመሞከር ፈቀዱ፤ ልጅ የታቀፉም አሉ። በ2009 በቱርክ አዳና የተጠኑ ጥቂት ቤተሰቦች ኒውሮኪኒን ቢ የተባለ ሌላ ቀስቃሽ እንዳለ አሳዩ። ይኸው ቀስቃሽ ሴቶች ሲያርጡ በሚሰማቸው ድንገተኛ የሰውነት ሙቀት ውስጥም እጁ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ለእነዚህ ሴቶች ፈቀደ። ኪስፔፕቲንን ራሱን በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ክፍት ነው።

እጅግ ያስገረመኝ በ2007 የወጣው ውጤት ነው። የዕድሜ ልክ ነው በተባለው ሕመም የሚታከሙ ወንዶች ሕክምናቸውን ለጊዜው አቁመው እንዲታዩ ተስማሙ። ከአሥሩ በአንዱ ገደማ የገዛ አንጎሉ ምት ተነስቶ ሥራውን ቀጥሎ ተገኘ። መድኃኒቱን ለማቆም ባይፈቅዱ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ሴት ልጅህ 13 ዓመት፣ ወንዱ 14 ዓመት ሞልቶት የጉርምስና ምልክት ካልታየ፣ ወይም ቡና ሲቆላ የማይሸተው ልጅ በቤትህ ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ ሕክምና አለው። ለእንዲህ ያለ ምርምር ፈቃደኛ እንድትሆን የተጠየቅህ እንደሆነም፣ የሚደረግልህንና ጉዳቱን በምትረዳው ቋንቋ እንዲያስረዱህ ጠይቅ፤ በጽሑፍ የተሰጠህን የስምምነት ቅጽ ሳታነብ አትፈርም። ከገባህም በኋላ በፈለግህ ሰዓት የመውጣት መብት አለህ፤ በመውጣትህም ሕክምናህ ሊጓደል አይገባም።