ከእርከኑ በኋላ ውሃውስ ጸዳ? የጅረቶች የባክቴሪያ ክትትል በጣና ተፋሰስ

የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜ ከጣና በስተምሥራቅ ትገኛለች። ከጉና ተራራ የሚነሣው ጉማራ በደራና በፎገራ መካከል አልፎ ሐይቁን ይቀላቀላል። ጉማራ፣ ግልገል አባይ፣ ርብና መገጭ አንድ ላይ ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ያመጣሉ። በዚህ ተፋሰስ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ አርሶ አደሩ በበጋው ወራት በነፃ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር ይከትራል፣ የተራቆተ ተራራ ከከብት ንክኪ ይከልላል። ውጤቱ የሚነገረው በሔክታርና በኪሎ ሜትር ነው። ከጅረቱ ቀድተው የሚጠጡ ሰዎች ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ያሳምማል ወይስ አያሳምምም?

ተፋሰስን መለካት ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በማይባር፣ በአንዲት ጥድና በአንጀኒ ጣቢያዎቹ ዝናብን፣ የወንዝ ፍሰትንና ደለልን ለዓመታት መዝግቧል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው ደብረ ማዊም የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቦረቦርን መስፋፋት አጥንተዋል። የእነዚህ ሥራዎች ዋና ትኩረት አፈሩና ፍሰቱ ነበር። የውሃው ጤንነት የራሱ መለኪያ አለው።

መለኪያው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪሽ እ.ኤ.አ. በ1885 ያስተዋወቀው ይህ ባክቴሪያ በሰውና በከብት አንጀት ይኖራል። አብዛኛው ዝርያው ጉዳት የለውም፤ በውሃ ውስጥ ከተገኘ ግን ሰገራ ወይም እበት መግባቱን ይመሰክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ በሚውል 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ይመክራል።

አሠራሩ ጥንቃቄ እንጂ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ናሙና ወሳጁ ከወራጁ ውሃ ፊት ለፊት ቆሞ ከጀርም የጸዳውን ጠርሙስ ይሞላና በበረዶ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ምርመራው በ6 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ቤተ ሙከራ በራቀበት ቦታ በባትሪ የሚሠራ የመስክ መመርመሪያ ይጠቅማል። ውሃው ቀዳዳዋ 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነች ስስ ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያዋ ምግብ በያዘ ሳህን ላይ ተደርጋ በ44 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ አንድ ቀን ያህል ትቆያለች፤ ከዚያ የበቀሉት ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

አስቸጋሪው ቁጥሩን መተርጎም ነው። የክረምት ጎርፍ ከየግጦሹና ከየጓሮው እበትና ሰገራ ጠርጎ ያወርዳል፤ ባክቴሪያውም ከደለል ጋር ተጣብቆ በወንዙ ወለል ላይ ይቆይና ጎርፍ ሲያናውጠው እንደገና ይነሣል። ስለዚህ የሐምሌን ናሙና ከጥር ጋር አወዳድሮ “ሥራው ከሸፈ” ወይም “ሰመረ” ማለት አያስኬድም። ወር ከወር፣ ዝናባማ ቀን ከዝናባማ ቀን መወዳደር አለበት። ከሥራው በፊት የተወሰደ መነሻ ልኬት፣ ከላይና ከታች የተመረጡ ነጥቦች፣ እንዲሁም ሥራ ያልተሠራበት ጎረቤት ጅረት ካልተጨመሩ ለውጡ የእርከኑ ይሁን የዝናቡ መለየት ያስቸግራል።

እርከንና ክትር ጎርፉን ያበርዳሉ፤ ከልሎ አጭዶ መመገብም ከብቱን ከተዳፋቱ ያርቃል። ይሁንና ከብቱ ከጅረቱ ገብቶ የሚጠጣ፣ ሰውም በሜዳ የሚጸዳዳ ከሆነ ደለሉ ቀንሶ የጠራው ውሃ ባክቴሪያ እንደተሸከመ ይወርዳል። መንስኤው ሰው ይሁን ከብት ለማወቅ የዘረ መል ምርመራ አለ፤ መልሱ መጸዳጃ ቤት ይቅደም ወይስ የከብት ማጠጫ ገንዳ የሚለውን ለመወሰን ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በየቤተሰቡ በተካሄደ አገራዊ ጥናት የመጠጥ ውሃን ኢ. ኮላይ አስመርምሯል። ከከተማ ርቆ መመርመር እንደሚቻል ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የወረዳ ግብርና፣ ውሃና ጤና ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለው የተፋሰስ ዘመቻ ሳይጀመር የጅረቶቹን መነሻ ልኬት በጋራ ቢወስዱ፣ ሪፖርታቸው ከእርከኑ ርዝመት ጎን የውሃውን ጤንነት ማሳየት ይችላል። እስከዚያው ግን ጅረቱ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ሳያፈሉ ወይም በክሎሪን ሳያክሙ አይጠጡት።