መኪና ከሊፍት ላይ ሲወድቅ

«ሊፍቱ ጣለው» የሚል ወሬ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን እየተፈታ ነበር? ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሊፍት ተበላሽቶ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። እኔ የማውቀው አብዛኛው አደጋ ግን መኪናው ከክንዶቹ ላይ ተንሸራቶ የደረሰ ነው።

ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪና የሚይዘው በአራት ክንድ ነው። ክንዶቹ የት እንደሚያርፉ አምራቹ በመመሪያው ያሳያል። የእኛ ልጆች ሻንሲ የሚመስል ነገር ካገኙ ይበቃቸዋል፤ ዝገት የበላው ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ሲያርፍበት ይሰረጎዳል። ከዚያ ሞተር ይወርዳል። በፊት ጎማ የሚነዳ ኮሮላ ክብደቱ በብዛት ከፊት ነው፤ ሞተርና ካምቢዮው ሲወጣ ኋላው ይከብድና አፍንጫው ሽቅብ ይላል። ፒክአፕ ላይ ዲፍረንሻሉን ከነአክስሉ ካወረድክ ተቃራኒው ነው። ጠዋት ልክ የነበረው ሚዛን ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይፈታል። ስለዚህ ዕቃው ከመውረዱ በፊት ሊከብድ ባለው ጫፍ ሥር ረጅም የብረት ድጋፍ ማቆም ግድ ነው።

ለልጆቹ ሁልጊዜ የምላቸው ይህን ነው፦ ጎማው ከመሬት ሲለቅ አቁም፣ መኪናውን ነቅንቀው፣ ክንዶቹን ዞረህ እይ። ሲወጣ ምሰሶው ውስጥ «ቋ፣ ቋ» የሚለው መቆለፊያው ነው። የፈለግከው ከፍታ ላይ ሲደርስ ትንሽ አውርደህ መቆለፊያው ላይ አስቀምጠው፤ ክብደቱን ዘይት ሳይሆን ብረት ይሸከመው። ድምፁ ሰለቸኝ ብሎ መቆለፊያውን በሽቦ አስሮ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። እስካሁን በሕይወት አለ፤ ጎበዝ ስለሆነ ግን አይደለም።

መንሸራተት ከጀመረ ለመያዝ አትሞክር፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር በእጅ አይመለስም። ወደ ገላጣው ሽሽ፤ በመኪናውና በግድግዳው መሀል አትግባ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለ መከላከያው እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይጠየቃል። ይህን የሚያውቅ ባለ ጋራዥ ጥቂት ነው።

እናንተም ባለ መኪኖች፣ «ዘይት የሚያንጠባጥበው የቱ ጋ ነው?» እያላችሁ ሥሩ አትግቡ። መካኒኩ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያሳያችሁ። «ቶሎ በልልኝ» ማለቱንም ተዉት፤ ድጋፉ ሳይቆም ካምቢዮ የሚወርደው ብዙ ጊዜ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ሰዓት ስታዩ ነው።