የጥይት ድምፅና የጅራፍ ድምፅ

በነሐሴና በመስከረም ወር ከኢሉባቦሯ ከመቱ ከተማ ወጥቶ ወደ ሶር ወንዝ የሚወርድ ወይም ወደ ጎሬ የሚወጣ መንገደኛ፣ በበቆሎው ማሳ መካከል በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ተረብርቦ በሣር የተከደነ ማማ ሳያይ ብዙ አይርቅም፤ ከማማው ላይም በቀን ልጅ፣ በሌሊት ደግሞ ጎልማሳ ተቀምጦ እሸቱን ከአራዊት ይጠብቃል። ጥበቃው ጥንታዊ ለመሆኑ ቅዱሳት መጻሕፍት ምስክር ናቸው፤ በመዝሙረ ዳዊት የወይኑን ተክል ስለሚያጠፋው የዱር እርያ ልቅሶ ተጽፏል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም የጽዮንን ብቸኝነት ሲናገር በአትክልት ቦታ የቆመውን የጠባቂ ጎጆ ምሳሌ አድርጎ ወስዷል። በኢሉባቦር ቀኑ የዝንጀሮና የጦጣ፣ ሌሊቱ የአሳማና የጃርት ስለሆነ፣ አዝርዕቱ ፍሬ ከያዘ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ማሳው ያለ ሰው የሚያድርበትም የሚውልበትም ሰዓት የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ገበሬውን አብዝቶ የሚያስመርረው የዱር አሳማ ነው። የቅርብ ዘመዱ ከርከሮ በቀን ብርሃን ጭራውን አቁሞ በሜዳ ሲሮጥ ይታያል፤ የዱር አሳማው ግን ቀኑን በጥሻ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ምድር ዓይን ሲይዝ የሚነሣ፣ ክብደቱ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚደርስ፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚያልፍ፣ በማየት ደካማ ቢሆንም በማሽተትና በመስማት ብርቱ የሆነ ፍጥረት ነው። ወንዱ፣ እንስቶቹና ግልገሎቹ አንድ መንጋ ሆነው ይመጣሉና፣ እሸቱን ለማግኘት አገዳውን እየገፉ ሲጥሉት የሚበላው ጥቂት፣ የሚረገጠው ብዙ ይሆናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን ስለማይበላ ለምግብ ብሎ የሚያድነው ሰው እምብዛም የለም፤ መጠለያው የሆነው ደንም የቡና ደን ስለሆነ፣ ያውም ከዚያው ከኢሉባቦር የያዩ ደን የዐረብ ቡና ዛሬም በዱር የሚበቅልበት በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ አሳማውን ለማራቅ ሲባል ደኑ ይመንጠር የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። እንግዲህ ደኑና ማሳው ጎረቤት እንደሆኑ ይኖራሉ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ሰብል አጥፊውን አውሬ በጠመንጃ የሚያድኑ ሰዎች፣ በተለይም የዱር አሳማ እጅግ በበዛበት በአሜሪካው በቴክሳስ፣ ድምፁ የታፈነ ጠመንጃ ይመርጣሉ፤ መንጋው ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ወዲያው እንዳይበተንና በአቅራቢያው የተኛውም ሰው እንዳይረበሽ ነው። እንዲህ ስላለው ጠመንጃ የሚነሣው ዋነኛ ጥያቄ የትኛው ካሊበር፣ ማለትም የትኛው የአረር ውፍረትና የትኛው ጥይት ይሻላል የሚል ሲሆን፣ መልሱን ለመረዳት አስቀድሞ የተኩስን ድምፅ ባሕርይ ማወቅ ይገባል።

ከጠመንጃ የሚሰማው ድምፅ ሁለት ነው። አንደኛው ባሩዱ ተቃጥሎ የወለደው የታመቀ ጋዝ ከአፈሙዝ ሲወጣ በድንገት ሲለቀቅ የሚፈጠረው ፍንዳታ ነው፤ ይህንንም ለማለዘብ የመትረየስ ፈልሳፊ የሆነው የሂራም ማክሲም ልጅ ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበትን ማፈኛ ሠራ፤ ማፈኛውም በውስጡ በተደረደሩ ክፍልፋዮች ጋዙን እያንከራተተና እያበረደ ቀስ ብሎ እንዲወጣ የሚያደርግ ቱቦ ነው። ነገር ግን 160 ዲሲቤል ያህል የሚደርሰውን የጠመንጃ ድምፅ ወደ 130 ገደማ ያወርደዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ሁለተኛው ድምፅ ከአረሩ የሚመጣ ነው፤ አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲበር አየሩ ከፊቱ ለመሸሽ ጊዜ አጥቶ ይታመቅና እንደ ሾጣጣ ማዕበል እየተከተለ ይሰነጠቃል፤ ኧርነስት ማህና ፔተር ሳልኸር ይህን ማዕበል በፎቶግራፍ አንሥተው እ.ኤ.አ. በ1887 ለዓለም አሳይተዋል። ማፈኛው ከአፈሙዙ ጋር የሚቀር፣ አረሩ ግን የሚሄድ ስለሆነ፣ ይህን ሁለተኛውን ድምፅ የሚያስቀር ማፈኛ የለም።

እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ የማማው ጠባቂ ይህንኑ ሁለተኛ ድምፅ ያለ ባሩድና ያለ አረር፣ በጅራፉ ብቻ የሚያወጣው መሆኑ ነው። ጅራፉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ በእጀታው በኩል ወፍራም ሆኖ የተገመደው ልጥ ወይም ቆዳ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ በተበተነ ቀጭን ቃጫ ማለቁን ያስተውላል። ጠባቂው ከራሱ በላይ አዙሮ በድንገት ወደ ኋላ ሲመልሰው፣ በወፍራሙ ክፍል የነበረው ኃይል ክብደቱ እያነሰ ወደሚሄደው ክፍል ስለሚተላለፍ ፍጥነቱ በዚያው መጠን እየጨመረ ይሄድና ጫፉ ላይ ሲደርስ የድምፅን ፍጥነት ያልፋል፤ ያ ከሸለቆ ወዲያ ማዶ የሚሰማው ጩኸት እንግዲህ የአየር መሰንጠቅ ነው። ቃጫው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀውና ጠባቂውም በየጊዜው ሌላ እየፈተለ የሚቀጥለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች የሚያጮኹትን ጅራፍ በተራራው ላይ ለተሰማው ድምፀ ነጎድጓድ ምሳሌ አድርጋ ተቀብላዋለች፤ ያም ወቅት በኢሉባቦር በቆሎው እሸት የሚይዝበትና ማማው ሰው የሚይዝበት ወቅት ነው።

ወደ ካሊበሩ ስንመለስ፣ ጸጥታ የሚሻ ሰው አረሩ በሰከንድ ከ340 ሜትር በታች እንዲበር ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ፍጥነቱን ከከለከለ ደግሞ ኃይሉን ከክብደት መፈለግ አለበት። 5.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሹ ጥይት፣ በዓለም ሁሉ ባለ 22 በመባል የታወቀው፣ 2.6 ግራም አረሩን በሰከንድ 320 ሜትር ገደማ ሲወረውር እጅግ ጸጥተኛ ቢሆንም ኃይሉ ከ130 ጁል ብዙ አያልፍምና፣ ለጥንቸልና ለአይጥ ይበቃል፤ ቆዳው ወፍራም በሆነ በ80 ኪሎ አሳማ ላይ መተኮስ ግን እንስሳውን አቁስሎ ወደ ጥሻ መስደድ ስለሆነ ጭካኔ ነው፤ የቆሰለ አሳማም ለሰውና ለውሻ አደገኛ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደ ሊል የሚባለውን ጸጥተኛ ካርባይን ሲሠሩ ባለ 45 የሽጉጥ ጥይትን የመረጡት፣ ከ11 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ወፍራም አረሩ ከመነሻው ከድምፅ በታች የሚጓዝ ስለሆነ ነው። በዘመናችን እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ደረጃ የወጣለት ባለ 300 ብላካውት፣ አረሩ 7.62 ሚሊ ሜትር ሆኖ እስከ 14 ግራም የሚመዝን፣ በሰከንድ 310 ሜትር ገደማ የሚበር ሲሆን፣ ወደ 680 ጁል ኃይል አለው፤ ይህም በዚያው ውፍረት ቀላል አረር ከሚተኩሰው ከክላሽንኮቭ ኃይል ሢሶ ያህል ነው። ክብደት ብቻውን ግን ጸጥታን አያመጣም፤ አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትሩን 25 ግራም አረር በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውር ስለነበር፣ ማፈኛ ቢገጠምለትም እንኳ አየሩን እየሰነጠቀ መሄዱ አይቀርም ነበር።

በዚህ ላይ የኢሉባቦር አቀማመጥ የራሱን ነገር ይጨምራል። የድምፅ ፍጥነት አየሩ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲበርድ ዝቅ ይላልና፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሆነበት በጋምቤላ ቆላ ቀትር 352 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጎሬ ደጋ ሌሊት 12 ዲግሪ ሲሆን ወደ 338 ይወርዳል። ስለዚህ በሰከንድ 345 ሜትር የሚበር ያው አንድ ጥይት፣ ከያው አንድ ጠመንጃ ተተኩሶ፣ በጋምቤላ ዝም ብሎ ሲያልፍ በጎሬ ይጮኻል፤ በማንኛውም ሌሊት የማያወላውል ጸጥታ የሚሻ ሰውም ከ320 ያልበለጠውን መምረጥ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ሲታወቅ፣ ጸጥተኛው ጠመንጃ ለሶር ገበሬ ይበጀዋልን? በእኔ ፍርድ፣ ለዕለት ተዕለቱ ጥበቃ አይበጀውም። አሳዳጅ ድምፅ የሚፈልገውን ያህል ገዳይ ዝምታን ይፈልጋል፤ ገበሬው ደግሞ የሚሻው መንጋው ዛሬ ሌሊት ከማሳው እንዲርቅለት ነው። ከመንጋው ሁለቱ በጸጥታ ቢወድቁ ደኑ በአጠገቡ ነውና በሳምንቱ ሌሎች ይተካሉ፤ ጅራፉ፣ ወንጭፉ፣ ከማማው በገመድ እየተሳበ የሚንኳኳው ቆርቆሮ፣ ከማማ ወደ ማማ የሚቀባበለው የጠባቂዎች ጥሪ ግን መላውን መንጋ በአንድ ጊዜ ያስነሣሉ፤ ዋጋቸውም ከአንድ ጥይት ያነሰ ነው። ድምፁም ቢሆን አንድ ዓይነት ሲሆን አውሬው ስለሚለምደው፣ ብልኅ ጠባቂ ዛሬ ጅራፍ፣ ነገ ቆርቆሮ፣ ከነገ ወዲያ እሳትና ውሻ እያለ ይለዋውጣል። የምትከፈለው ዋጋ ሌላ ናት፤ እርስዋም እንቅልፍ ናት። ከሀገራችን ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ስፍራዎች በአንዱ፣ እሳቱ በሚጠፋበትና የዝናቡ ድምፅ የአሳማውን እርምጃ በሚሸፍንበት ሌሊት፣ በትጋህ የሚያድር ሰው ሲነጋ ደግሞ ወደ ቡናው መሄድ አለበት፤ ልጁም ዝንጀሮ ሲጠብቅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ይህ ለእኔ ከተበላው በቆሎ ይልቅ የሚከብድ ጉዳት ነው። ጎረቤታሞች ማሳቸውን አያይዘው በቆሎውን በአንድ ወቅት ዘርተው ማማውን በተራ ቢይዙ፣ አምስት ሰው በየሌሊቱ ከሚነቃ አንዱ ነቅቶ አራቱ ተኝተው ያድራሉና፣ ለገበሬው ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከመሣሪያ በፊት ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ጅራፍም ቆርቆሮም ያልመለሰው መንጋ ሲያጋጥም ግን ጠመንጃው ተገቢ ቦታውን ያገኛል። ይህም የጦር መሣሪያን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 እና የዱር እንስሳትን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ፈቃድ ባለው ሰው እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ካሊበር ቢጠይቀኝ፣ 7.62 ሚሊ ሜትሩን ከባድ አረር፣ ያውም ሥጋ ሲነካ እንዲሰፋ ተደርጎ የተሠራውን ምረጥ እለዋለሁ፤ ከ100 ሜትር ርቀት እንዲህ ያለው አረር ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚወርድና በጨለማም ርቀትን መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ ከ50 ሜትር አትለፍ፤ ቤቶች በየማሳው መካከል ተበታትነው ባሉበት አገር ዝግተኛውም አረር ብዙ ርቀት ሄዶ ሰው ሊገድል ይችላልና፣ ከምድር ላይ ቆመህ አትተኩስ፤ ከማማው ላይ ሆነህ ቁልቁል ተኩስ፣ የሳተው ጥይት አፈር ውስጥ እንዲቀር።