እሑድ ጠዋት በግቢያችን፦ አሮጌ መኪናን በቤት ስንጠግን

«የኋላ ፍሬኗን ራሴው እሠራዋለሁ፤ ጋራዥ ምን ያስኬደኛል?»

ይህን አነጋገር ከባለቤትዎ ወይም ከልጅዎ ሰምተውት ይሆናል፤ ምናልባትም ተናጋሪዋ እርስዎ ራስዎ ነዎት። አሮጌ ፎልስዋገን በቆመችበት ግቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የዚህች መኪና ምርት ሜክሲኮ ውስጥ በ1995 ዓ.ም. ቢያበቃም፣ አሠራሯ ቀላል ስለ ሆነ በባለቤቶቿ እጅ እየተጠገነች መሥራቷን ቀጥላለች።

ቁጠባው መልካም ነው። ሆኖም ፍሬን በአግባቡ ሳይሠራ ቢቀር ጉዳቱ ለመላው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ መፍቻውን የሚጨብጡት እርስዎም ይሁኑ ሌላ ሰው፣ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

በመጀመሪያ መኪናዋ አትንቀሳቀስ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለ ሆነ፣ ታምቡሩ እንዲወጣ መለቀቅ አለበት። እንግዲህ የፊት ጎማዎች በታኮ ይታገዱ። ታምቡሩን የያዘው ባለ 36 ዳዶ የሚጠብቀው፣ በአንድ ሜትር ብረት ጫፍ ላይ 30 ኪሎ የመጫን ያህል ነው። መኪናዋ ክሪክ ላይ ሳለች ከዳዶው ጋር ቢታገሉ ልትወድቅ ትችላለች፤ ጎማው መሬት ሳይለቅ ይላላ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አይታመንም፤ ድንጋይና ብሎኬትም እንዲሁ። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

ሁለተኛው አቧራው ነው። በድሮ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገባ ነበር። ብናኙ በትንፋሽ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ በአፍ ወይም በአየር ግፊት አይነፋ፤ በደረቁም አይጠረግ። በውሃ አርሶ መጥረግ ይሻላል። የሥራው ልብስ ሳይራገፍ፣ ከሕፃናት ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

ሸራው ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ወይም ዘይት ከነካው ግራና ቀኙ በአንድ ጊዜ ይለወጥ። አንዱ ብቻ ከተለወጠ መኪናዋ ስትቆም ወደ ጎን ትስባለች።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ስትወርዱ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ የሞተር ዘይት ከቶ አይጨመርበት፤ ጎማ ክፍሎቹን ያበላሻል።

አየሩን ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ «ይዣለሁ» ሲል፣ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ማስተንፈሻ ከፍቶ ይዘጋና «ዘግቻለሁ» ይላል። ከዚያ በፊት እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሥራው ከቀኝ የኋላ ጎማ ይጀመር።

የኋላውን ፓራፋንጎ ተጭነው ሲለቁት ደጋግሞ ከነጠረ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል። በሁለት ብሎን ብቻ የተያዘ በመሆኑ በቤት ሊለወጥ ይችላል። የኋላ ሞላዋ ግን በቱቦ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚሠራ የብረት ዘንግ ነው። ጫፉን የያዘው ብረት እንደ ተወጠረ ስለሚኖር፣ በድንገት ሲለቀቅ አጥንት ይሰብራል። ይህን ለመካኒክ ይተዉት።

ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ ሞተር ሳይነሣ ፔዳሉን ይርገጡ፤ ጠንክሮ ካልቆመ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ። ደኅና ከሆነም ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ ትሞከር። ልጆቹ የሚሳፈሩት ከዚያ በኋላ ነው።