በሙቀት ወራት ስለሚጫወቱ ልጆችና ስለሚጠጡት ውሀ

ድሬዳዋን የመሰሉ ቆላማ ከተሞች በግንቦት ወር እንዴት እንደሚያቃጥሉ በዚያ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ቀትር ላይ ሲውል፥ በአቧራው ሜዳ ኳስ ሲያሳድድ የቆየ ተማሪ ውሀ ለመጠጣት ፈቃድ ቢጠይቅ፥ «ላብህ ሳይደርቅ አትጠጣ፥ ብርድ ይመታሃል» መባሉ አልቀረም። ይህ ምክር ከአያቶቻችን የወረስነውና በቅን ልቡና የሚነገር ቢሆንም ልጁን ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ምክንያቱም ጡንቻ በሠራ ቁጥር ሙቀት ይፈጥራል፤ ሰውነትም በቆላ አገር ይህን ሙቀት የሚያስወጣው ከሁሉ ይልቅ ላቡ ከቆዳው ላይ በሚተንበት ጊዜ ነው። የላቡም ውሀ የሚቀዳው ከደም ስለሆነ፥ የፈሰሰው ካልተተካ ደሙ ያንሳል፤ ልብ በችኮላ ይመታል፤ የሰውነትም ሙቀት ይጨምራል።

ቀድሞ ልጆች እንደ አዋቂ ሙቀትን መቋቋም አይችሉም ይባል ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ በሚገባ ውሀ የጠጣ ልጅ በዚህ ረገድ ከአዋቂ እንደማያንስ አስታውቋል። ጉዳቱ የሚመጣው ይልቁንም ከውሀ ማጣት፥ ዕረፍት ከመነፈግና ከልክ ካለፈ ልፋት ነው። በዚሁ መግለጫ መሠረት ከ9 እስከ 12 ዓመት ለሆነው ልጅ በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር፥ ማለትም ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ገደማ ይበቃዋል፤ ለጎረምሶችና ለኮረዶች በሰዓት እስከ 1 ሊትር ተኩል ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚህ አልፎ ያለ ልክ መጋት የደሙን ጨው ስለሚያቀጥነው አይደገፍም።

ልጅ በጨዋታ ሲመሰጥ ጥሙን ይረሳል። ስለዚህ አስተማሪው በፊሽካ እየጠራ ወደ ጥላው ሊሰበስበውና ሊያጠጣው ይገባል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጨዋታ ንጹሕ ውሀ በቂ ነው፤ ለለስላሳ መጠጥ የወላጅን ገንዘብ ማባከን አያሻም። ውሀው የሚያጠራጥር ከሆነ አስቀድሞ ፈልቶ፥ ቀዝቅዞ፥ ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ፤ እያንዳንዱም በራሱ ኩባያ ይጠጣ። ቧንቧው በደረቀበትና ሌላ ውሀ በሌለበት ቀን ሩጫው ራሱ ቢቀር ይሻላል እንላለን።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋር አንድ ልጅ ራሱን ቢያዞረው፥ ቢያስመልሰው ወይም ራስ ምታት ቢይዘው፥ ጨዋታውን አቁሞ በጥላ ሥር ይረፍ፤ ቀስ እያለም ይጠጣ። ቢቀባዥር፥ ቢንገዳገድ ወይም ራሱን ቢስት ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ስለሚችል ሕይወቱ አስጊ ነው። ልብሱን አውልቆ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሀ ማርጠብና ማራገብ፥ ራሱን ለሳተው በአፉ ምንም አለመስጠት፥ ማቀዝቀዙንም ሳያቋርጡ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።