በሩ ሳይዘጋ ሰውም ሳይታመም፦ በወረርሽኝ ጊዜ ምእመናንን እንዴት እንቀበል?

የ2012 ዓ.ም. ትንሣኤ ብዙዎቻችን የምንረሳው አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ሌላ ጊዜ ነጭ ለብሶ፣ ጧፍ አብርቶ ቅጽሩን ሞልቶ የሚያድረው ሕዝብ ያን ሌሊት በየቤቱ ሆኖ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተለ። ቴሌቪዥንም መብራትም በሌለበት የገጠር ቤት ግን ያም አልነበረም። ከወር በኋላ ደግሞ ግንቦት 16 ቀን የሙስሊም ወገኖቻችን የኢድ ሶላት በየቤቱ ተሰገደ። የወንጌላውያን አዳራሾችም ወንበራቸው ባዶ ነበር።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ ዛሬ ያንን ጊዜ የምናነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቂያ ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፤ ወረርሽኝ የሚባል ነገር ግን በኮቪድ አልጀመረም፣ በኮቪድም አያበቃም። ነገ ሌላ ቢመጣ በኖፓ፣ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ያለ አንድ ደብር፣ አንድ አጥቢያ፣ አንድ መስጊድ ምን ያደርጋል? በሩን ከመዝጋትና ዝም ብሎ ከመክፈት ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ያኔ ምን ተደረገ?

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትልልቅ ስብሰባዎችም ታገዱ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ ደንብ መሠረት ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ለአምልኮም ቢሆን። በዚያው ሰሞን የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ብሔራዊ ጸሎት አውጆ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። በአዲስ አበባ ካህናት ጥና ይዘው በየመንገዱ እየዞሩ ሲያጥኑ ያየነውም ያኔ ነው።

አዋጁ ካበቃ በኋላ በ2013 መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 30 ወጣ። ማስክ፣ ርቀት መጠበቅ፣ አለመጨባበጥ ግዴታ ሆኑ፤ የመስቀል ደመራም በተወሰነ ሕዝብ ብቻ ተከበረ። ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነበር፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ500 ሺህ በላይ ሰው መያዙ፣ ከ7,500 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። የተመዘገበው እንግዲህ ይህ ነው። ሳይመረመር የሞተውን ቤቱ ይቁጠረው።

ይህ ለሀገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ብለን የምንጠራው የዓለም ጉንፋን አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። ዛሬ ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ መታሰቢያ ነው። አባቶቻችን በሽታውን በልማድ ውስጥ ቀብረው አላለፉትም፤ ልማድ አድርገው አስታወሱት።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ በምን ይተላለፋል?

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ወረርሽኝ አንድ አይደለም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ የተቀሰቀሰው ኮሌራ ነበር። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው የሚመጣው። እዚያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ሳሙና ነው። ማስክ ብታደርግ ምንም አይጠቅምህም።

ኮቪድና ጉንፋን ደግሞ በትንፋሽ ነው የሚሄዱት። ሲያስል ብቻ አይደለም፤ ሲናገር፣ ይልቁንም ሲዘምር ሰው ብዙ ትንፋሽ ያወጣል። ትልልቁ ጠብታ ወዲያው መሬት ይወርዳል። ደቃቁ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ ጢስ ተንሳፎ ይቆያል።

ይህን ለማመን የሚከብደው ካለ አንድ ታሪክ እንንገረው። መጋቢት 1 ቀን 2012 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በሚባል አካባቢ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተለማመዱ። አልተቃቀፉም፤ የእጅ ማጽጃም ነበራቸው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ግን የጉንፋን ምልክት ነበረው። ያን ሰው ጨምሮ ከ61ዱ 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። እጃቸው ንጹሕ ነበር። ያልታሰበበት አየሩ ነው።

የዕጣኑን ጢስ ተከተሉ

አንድ ቤት አየሩ ይንቀሳቀሳል ወይስ ታፍኗል የሚለውን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዕጣን አለ። ሲታጠን ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። በአንዱ መስኮት ወጥቶ ቶሎ ከጠፋ ቤቱ ይተነፍሳል። ጣሪያው ሥር ተኝቶ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቆየ ግን የሰዎቹ ትንፋሽም እንደዚያው ቆይቷል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ዕጣኑ ቫይረሱን ይገድላል እያልን አይደለም። የአየሩን መንገድ ያሳየናል ነው የምንለው። ዕጣን በማይጠቀሙ አዳራሾች ደግሞ አንድ ጧፍ አጥፍቶ ጢሱን ማየት ይበቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለቱም ወገን ትይዩ የሆኑ መስኮቶችንና በሮችን መክፈት፤ ያውም ሰው ከመግባቱ በፊት ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላም ጥቂት ማቆየት። በአንድ ወገን ብቻ የተከፈተ መስኮት ብዙ አይሠራም። አየር መግቢያም መውጫም ይፈልጋል።

ከሁሉ የተሻለው ውጭ ነው። በዚህ በኩል እኛ ከብዙው ዓለም የተሻለ ልማድ አለን። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ማስቀደስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ድሮም የሚያስቀድሰው እንዲያ ነው። ለወንጌላውያን አጥቢያም ዳስ መጣል አዲስ አይደለም። ለሶላትም ሜዳ አለ፤ ኢድ የሚሰገደው ሜዳ ላይ ነው።

የእኛ ሀገር ዝናብ

«ውጭ ይሁን» ማለት ለሌላው ቀላል ነው። ለኢሉባቦር ሰው ግን «መቼ?» ያሰኛል። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል፤ አካባቢያችን በሀገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው። በጋው አጭር ነው።

ዝናቡ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛፍ ሥር የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል። እንዳይነፍስብን ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል። ቆርቆሮው ሲጮኽ ሰባኪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ዘማሪውም ይጮኻል፣ ሰውም ለመስማት ይጠጋጋል። ስለዚህ ለእኛ አካባቢ ዋናው ዝግጅት ለዝናቡ ቀን ነው። በሚከተለው መንገድ ማሰብ ይቻላል፦

1. ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ። ጣሪያው ቆርቆሮ ወይም ሸራ ይሁን፤ ግድግዳ ግን አያስፈልገውም። ሸራውን ወደ ጎን እያወረዱ ዙሪያውን መዝጋት ዳሱን መልሶ ቤት ያደርገዋል።

2. የመስኮት ጥላ። ከመስኮቱ በላይ ቆርቆሮ ትንሽ ወጣ ብሎ ከተሠራ ዝናብ ሳያስገባ ክፍት ማድረግ ይቻላል። የአንድ አናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

3. ሕዝቡን መክፈል። አንድ ረጅም ጉባኤ ከማድረግ ሁለት አጫጭር ማድረግ፤ በመካከሉ ቤቱን ማናፈስ። የት ያህል ተቀራረብን ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት አብረን ቆየን የሚለውም ይቆጠራል።

4. መዝሙሩን ማቅለል። ሙሉ መዘምራን ፊት ለፊት ከሚቆሙ ጥቂቶች ተራርቀው፣ በሩ አጠገብ ሆነው ይዘምሩ። ድምፅ ማጉያ ካለ በለሆሳስ መዘመር ይቻላል። ማይኩ ግን ከአፍ ወደ አፍ አይዙር።

5. ማስክ። ነጠላን ወደ አፍ መሳብ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ስስ ስለሆነ ማስክን አይተካም። ሳይዝ ለመጣ ሰው በሩ ላይ የሚሰጥ ጥቂት ማስክ ይቀመጥ።

6. እጅ መታጠቢያ። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ይበቃል። አልኮልና ሳኒታይዘር ከተጠቀማችሁ ግን ጧፍ ከሚበራበት አርቁ፤ እጅ ሳይደርቅ ክብሪት መጫር ያቃጥላል።

7. ሙዳየ ምጽዋት። ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር በር ላይ ይቀመጥ።

ስለ ቁርባኑ፣ መስቀል ስለ መሳለሙ፣ ስለ ጸበሉስ? ይህ የአባቶች ነው። ሥርዓቱን የሚወስነው ቅዱስ ሲኖዶስ እንጂ የጤና ባለሙያም፣ እኛም አይደለንም። ግን በሥርዓቱ ዙሪያ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ሰልፉ፣ መስኮቱ፣ ሰዓቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጨዋታ፣ በእኛ እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መጋቢት 29 ቀን 2012 ለሃይማኖት አባቶች ባወጣው ምክር ከባለሙያዎች ጋር ተነጋግረው እምነታቸውን በሚያከብር መንገድ እንዲያስተካክሉ ነው ያሳሰበው።

በሩ ላይ የሚቆመው ሰው

ሰው የሚቀርበውም የሚርቀውም በሩ ላይ በሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ማስክ የለሽም፣ ተመለሺ!» የተባለች እናት ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች። «እንኳን ደህና መጡ እማማ፣ ይቺን ያድርጉ፣ መስኮቱ አጠገብ ቦታ ይዘንልዎታል» የተባለች ግን ሕጉንም ትጠብቃለች፣ ጎረቤቷንም ታስተምራለች። ስለዚህ በሩ ላይ ኮስታራ ጥበቃ ሳይሆን ሰው የሚያውቅ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ማስረዳት የሚችል፣ ታላላቆችን የሚያከብር ወጣት ይቁም። ለሰላምታውም እጅ ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ከበቂ በላይ ነው፤ ባህላችን ነው።

የሚያስለው ሰው ቢመጣስ? እዚህ ላይ ነው ትልቁ ፈተና። ሰው ታምሞ እያለ የሚመጣው ክፉ ስለሆነ አይደለም። «እምነቱ ቀዘቀዘ» እንዳይባል ነው። አንዳንዱም ታምሞ ነው ይበልጥ ጸሎት የሚፈልገው። ይህን የሚፈታው ማስታወቂያ መለጠፍ አይደለም። ካህኑ፣ ፓስተሩ፣ ኢማሙ በአንደበታቸው «ታሞ ቤቱ የቀረ ሰው ወንድሙን ጠበቀ እንጂ ከእግዚአብሔር አልራቀም» ብለው ደጋግመው ሲናገሩ ነው። እነሱም ራሳቸው ሲያማቸው ሲቀሩ።

ቤት የቀሩትን አለመርሳት

መቀበል በር ላይ ብቻ አይደለም። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ወረርሽኝ ሲበረታ ቤት መቆየት ይኖርባቸዋል። ሌላው ሰው ተመልሶ ወደ ጉባኤው ሲገባ እነሱ ተረስተው መቅረት የለባቸውም።

እያንዳንዱ አጥቢያ የእነዚህን ሰዎች ዝርዝር መያዝ ይችላል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የወጣቶች ኅብረቱ፣ ዕድሩ ተከፋፍሎ በስልክ ይደውል፤ ስልክ በሌለበት በሳምንት አንድ ቀን ደጃፍ ድረስ ሄዶ፣ ውጭ ቆሞ ይጠይቅ። «አባባ፣ መድኃኒትዎ አለ? የሚላላክልዎ ሰው አለ?» ማለትም አገልግሎት ነው። የባሰበት ሰው ካለ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ ወይም በነጻ ስልክ 8335 መደወል ነው። ከኖፓ ገጠር ተነስቶ መቱ ሪፈራል ሆስፒታል መድረስ በክረምት መንገድ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ነው ቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመው።

ለቅሶውንም አንርሳ። ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ መዋል ከቅዳሴው ይልቅ የሚረዝም ጊዜ ነው። የድንኳኑን ጎን መግለጥ፣ በተራ ገብቶ መውጣት፣ ሐዘንተኛውን ግን ብቻውን አለመተው።

ለማጠቃለል

ስርጭቱ በጣም ሲበረታ የጤና ባለሙያዎች «ለጊዜው ይብቃ» ሊሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መስማት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ነገር በእጃችን ነው። መስኮት፣ ዳስ፣ አጭር ሰዓት፣ ለስላሳ ቃል። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ቀድሞ መነጋገርን ነው የሚጠይቀው፤ ያውም ዝናቡ ሳይመጣ፣ በሽታውም ሳይመጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ስትሄዱ እስቲ ቀና ብላችሁ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ከዚያ ለሰበካ ጉባኤው ወይም ለሽማግሌዎቹ ንገሯቸው።

እናንተስ በአካባቢያችሁ ያኔ ምን ተደረገ? ምን ሠራ፣ ምንስ አልሠራም? ሐሳባችሁን አካፍሉን፤ ለሚጠቅመውም ሰው አድርሱልን። ሰላም ሁኑ።