የአጥቢያችን ታሪክ ከማን ዘንድ ይገኛል?



በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ዓይንን የሚስበው በዝማሬ የሚያጅበው ወጣት ነው። እኛ ግን ከኋላ በምርኩዝ የሚከተሉትን አረጋውያን እናስባለን። ታቦቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያውን መቃኞ እነማን ሠሩት? ቢባል የብዙው አጥቢያ መልስ በእነርሱ ልብ እንጂ በወረቀት አይገኝም።

አባቶቻችን ነገሩን ቸል አላሉትም። የርስት ስጦታውንና የንዋያተ ቅድሳቱን ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ይጽፉት ነበር። በየቤታችንስ የልጅ ልደትና ክርስትና በዳዊቱ ኅዳግ ሲጻፍ አላየንምን? እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን ያነሣ ሲሆን፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው ለብዙ ዓመታት ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ይሁን እንጂ ካሜራው ያነሣው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ርእሰ ከተማ በነበረችበት ዘመን በሥራና በንግድ ከየአገሩ የመጡ ብዙዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ ልጆቻቸው በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ተበትነዋል፤ ፎቶግራፉም አብሮ ሄዷል። የተበተነውን ለመሰብሰብ ኢንተርኔት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ዓመተ ምሕረት ባይጠሩ አያሳስበን። ለምሳሌ አንድ አባት «ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ» ቢሉን፣ ጣልያን የወጣበት 1933 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስ፣ 1934 ዘመነ ማርቆስ ነበርና ነገሩ የ1935 መሆኑ በባሕረ ሐሳብ ይታወቃል። ተራኪው በኦሮምኛ ቢናገሩ ቃላቸው በኦሮምኛ ይቀዳ፤ የደብሩን መሠራት ያዩ ሙስሊም ጎረቤትም ይጠየቁ። ስማቸውና ቀኑ አብሮ ይመዝገብ፤ አንዱ ቅጂ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የንዋያተ ቅድሳት ፎቶግራፍ ግን ለሌባ መንገድ ጠቋሚ ይሆናልና በኢንተርኔት አይለቀቅ።

በቃና ዘገሊላ ዕለት ጠላው ሲቀዳ፣ ድፎው ሲቆረስ፣ ስልኩ ከኪስ ይውጣና አባት ይጠየቁ። ሁለት አረጋውያን በአንድ ነገር ካልተስማሙ የሁለቱም ቃል እንዳለ ይጻፍ።